የጠጠር በር ሳሚ

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የጠጠር በር ልጆች ለመሳም ይሰለፋሉ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ያለ ሮጦ ያልፋል፤ አሥራ ስምንት የሞላውም እንዲሁ። በመሃል ያሉት ግን ማስቲካቸውን ተፍተው፣ በሰፈሩ ቧንቧ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ትርንጎ እድሩ ባሠራላት የቆርቆሮ ጥላ ስር ቆማ አንድ በአንድ ትስማቸዋለች። በቀኝ፣ በግራ፣ መልሳ በቀኝ። ሦስተኛዋ ላይ አየር ወደ ውስጥ ትስባለች። «እደግ» ወይም «እደጊ» ካለች ልጁ አለፈ፤ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዝም ካለች አላለፈም።

መቼም ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ «ይኼ ሁሉ መሣሪያ ባለበት ዘመን ለምን በሰው አፍንጫ?» ማለቱ አይቀርም። በመሣሪያ ተሞክሯል። ልጆቹ አንነፋም አሉ፣ ወላጆች ጠበቃ አቆሙ፣ መሣሪያውም ሽንኩርት የበላውን ሁሉ አጫሽ እያለ መሳቂያ ሆነ። በኋላ አንድ ብልጥ ሰው ቁጭ ብሎ አሰበ። የዚህ አገር ልጅ መንግሥትን እንቢ ይላል፤ ሲብስበት አባቱንም እንቢ ይላል፤ እናቱን የምታህል ሴት ጉንጯን ስትሰጠው ግን ወዴት ይሸሻል? ነውር ነው። ሰውየው በዚህች ሐሳቡ ተሾመ፣ ተሸለመ። ሳሚ የሚባለው ሥራም እንዲህ ተፈጠረ፤ በየሰፈሩ አንዳንድ ሴት፣ አፍንጫዋ የተመሰከረላት።

ልጆችን ከሲጋራ የማራቁ ዘመቻ ሲጀመር ደግ ነበር፤ ሐቁን መካድ አይገባም። ትርንጎ ራሷ በመጀመሪያዎቹ ሰልፎች ከፊት ነበረች። ባሏ አበጋዝ በአሥራ ሦስት ዓመቱ የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ ሲገባ፣ ሾፌሩ «እንቅልፍህን ያባርርልሃል» ብሎ ሲጋራ አቀመሰው፤ ከዚያ ወዲህ ከአፉ ወርዶ አያውቅም። ሳሉን እየሰማች ስንት ሌሊት ያነጋች ሴት ናት። ስለዚህ ከሰፈሩ እናቶች ጋር ሆና፣ በትምህርት ቤቱ ዙሪያ ሲጋራ በፍሬ ለልጆች የሚቸረችሩትን ሱቆች እየዞረች ለመነች፣ ተቆጣች፣ የአንዱንማ ሚዛን አንሥታ ሄደች። ወጣቶቹ ድራማ ሠሩ፣ እድሮች ዳኛ ሆኑ፣ ቄሱም ሼሁም በአንድ አፍ ተናገሩ። ልጆቹም ተዉ። እውነት ተዉ! ነገሩ ያኔ አብቅቶ ቢሆን ኖሮ ትርንጎን በመልካም ብቻ እናነሣት ነበር። ዘመቻ ግን ማለቅ አያውቅበትም።

ከዓመታት በኋላ ዘመቻው ድንኳን ውስጥ ገባ። «ልጁን ያልጠበቀ ሰፈር ሙቱን በክብር አይሸኝም» ተባለ። የእድር ድንኳን ሁሉ ነጭ ሆነ። ከውጭ የመጣ ተቆጣጣሪ አንድ አጫሽ ልጅ ያገኘ ዕለት ጨርቁ ራሱ ቀስ እያለ ወደ ግራጫ ይዞራል፤ ግራጫ ድንኳን ስር ቄስም ሼህም አይቀመጥም፣ ከሌላ ሰፈርም ለቅሶ የሚደርስ የለም። ሰፈሩ ልጁን ራሱ ካጋለጠ ግን ነጭነቱ አይነካም። ለልጅ ሲጋራ ያስያዘ ቤት ደግሞ ጭራሽ ከእድር ይሰረዛል፤ ሙቱን የማዘጋጃ ቤት መኪና ወስዶ ይቀብረዋል፤ ድንኳን የለ፣ አልቃሽ የለ። የትም ያልተጻፈ አንድ ሌላ ነገርም ነበር። ለረጅም ጊዜ ማንንም ያላጋለጠ ሰፈር «ይደብቃል» ይባልና ተቆጣጣሪ ይጎርፍበታል። ስለዚህ በየጊዜው አንድ ልጅ መገኘት ነበረበት።

ጠጠር በር ላይ ይገኝ ነበር፤ ትርንጎ ታገኝ ነበር። «እሷ እኮ የአጫሽ ሚስት ናት፣ አፍንጫዋ አይሳሳትም» ይሏታል። የተገኘው ልጅ ቆላ ወርዶ «ንጹሕ ሳንባ» በሚባለው ማደሪያ ሁለት ዓመት ይቆያል። ሲመለስ ጤነኛ ነው፣ ወፍሯል፣ ሥነ ሥርዓት ያውቃል። ብቻ ሰው ሲጠጋው ፊቱን ያዞራል።

ይህ ታሪክ በሆነበት ዓመት አበጋዝ ታሞ አልጋ ላይ ነበር። ሐኪሞቹ ሲጋራ ካቆምክ ትንሽ ትሰነብታለህ ብለውት ነበርና አቆምኩ አለ፤ ትርንጎም አመነችው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ እሷ ወደ በሩ ስትሄድ፣ ጓሮ ተከራይታ የምትኖረው የልብስ ሰፊዋ የመዲና ልጅ፣ ዘምዘም፣ መጥታ አጠገቡ ትቀመጣለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ አባቷን አታውቅም። ከአበጋዝ ጋር ዳማ ይጫወታሉ፤ ታጭበረብረዋለች፣ እያየ ዝም ይላታል። እሱ ደግሞ የሚሌን መንገድ፣ የገዋኔን ሙቀት፣ ፍሬን እምቢ ያለበትን ቁልቁለት ያወራላታል። «ውሸትዎን ነው ጋሽ አበጋዝ!» ስትለው ሳሉ እስኪያፍነው ይስቃል።

አንድ ሐሙስ ዘምዘም ለእናቷ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ በሰፈሩ በር ተመለሰች። ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ዳቦውን በብብቷ ይዛ ጉንጯን ሰጠች። በቀኝ ደህና ነበረች። በግራም ደህና። ሦስተኛዋ ላይ ትርንጎ ሳበች። ሲጋራ ነው። ትኩስ፣ አሁን የተጨሰ ሲጋራ። «ምነው ባልሳምኳት!» አለች በልቧ። ከኋላ ግን ልጆች ተሰልፈዋል፣ የእድሩ ጸሐፊም ከጥላው ስር ቁጭ ብሎ ያያል።

«እትዬ፣ እደጊ አይሉኝም?» አለች ዘምዘም።

ትርንጎ ዝም አለች።

በዚያው ዕለት እድሩ ቤት ስብሰባ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ጋሽ ውብሸት መነጽሩን እያጸዳ «አጭሰሻል?» አላት።

«አላጨስኩም» አለች ዘምዘም። «ለኩሻለሁ።»

«ለማን?»

ዘምዘም ወለሉን አየች። ደግሞ ጠየቃት፤ ደግማ ወለሉን አየች።

«ለማን እንደሆነ ካልተናገረች እንግዲህ ለራሷ ነው» አለ ውብሸት። «ሰኞ መኪናው ይመጣል።»

መዲና የትርንጎን እግር ይዛ ወለሉ ላይ ወደቀች። «እትዬ ትርንጎ፣ አፈር ስሆን! እስቲ ደግመው ይሳሟት! አንድ ጊዜ ብቻ ደግመው ይሳሟት!»

ሳሚ ደግማ አትስምም፤ ደንብ ነው። ትርንጎ ይህንኑ ነገረቻትና ቀስ አድርጋ እግሯን አስለቀቀች።

ቤቷ ስትገባ መሽቶ ነበር። ለአበጋዝ ትራሱን እያስተካከለች «የመዲናን ልጅ አገኘኋት፣ ጉድ እኮ ነው» አለችው። ሐዘኗ እውነተኛ ነበር። ከሐዘኗ ስር ግን ትንሽ ኩራት ነበረች፤ የማይሳሳት አፍንጫ ኩራት። አበጋዝ አየር እስኪያገኝ ጠበቀና ተናገረ።

«ያሸተትሽው እኔን ነው።»

አልገባትም።

«እጄ ይንቀጠቀጣል፤ መለኮስ አቃተኝ። ድሮ በራሽን ይሰጡኝ ከነበሩት ሲጋራዎች የተረፈች አንዲት አለች፣ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ። ለኩሽልኝ ብዬ ለመንኳት። እንቢ አለች። ልሞት ነው አልኳት፣ የመጨረሻዬ ናት አልኳት። አፏ ላይ አድርጋ ለኮሰችልኝ፤ አንዴ ሳበች፣ ሳል አጣደፋት። እኔ ደግሞ ሳቅኩባት።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ያ ሾፌር ሆንኩ፣ ትርንጎ። ያንኑ ሾፌር ሆኜ አረፍኩት።»

«እዚህ ቤት ውስጥ አጭሰህ እኔ እንዴት አልሸተተኝም?»

«አንቺን? ስንት ዘመን አጠገቤ ተኝተሽ? የገዛ ቤቱ ሽታ ለማን ይሸታል!»

ከዚያ «ውብሸትን ጥሪልኝ» አላት። «ሳልሞት ልንገረው። ለማዘጋጃ ቤቱ መኪና ስጡኝ፤ እኔ እንደሆንኩ በመኪና ኖሬአለሁ።» ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም።

ትርንጎ ነገ እጠራዋለሁ አለች። ስትለው እውነቷን ነበር። አልጋዋ ላይ ጋደም ስትል ግን ያ የማዘጋጃ ቤት የሬሳ መኪና በሐሳቧ መጣባት። አበጋዝ ሳንባው እያፏጨ የሰውን ሁሉ ሬሳ የተሸከመ፣ የድንኳኑን ቋሚ በየለቅሶው በትከሻው ያመላለሰ ሰው ነው። እሱ ታዲያ እንደ ባለቤት አልባ ውሻ ተጭኖ ሊሄድ? እሷስ በማግሥቱ በማን ፊት ትቆማለች? ልጅቷ ሁለት ዓመት ቆይታ ትመለሳለች፣ አለች ለራሷ። ልጅ ነች፣ ትረሳዋለች። ሙት ግን አንዴ ነው የሚቀበረው። ይህን ደጋግማ አለችው፤ በደገመችው ቁጥር እውነት እየመሰላት ሄደ።

አርብ ውብሸት ራሱ በሽተኛ ጥየቃ መጣ። አበጋዝ ከትራሱ ቀና ለማለት ታገለ። «ውብሸት... ልጅቷ... እኔ ነኝ... እኔ...»

«ይቃዣል» አለች ትርንጎ። ፈጠን ብላ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበችለት። «ሌሊቱን ሁሉ እንዲህ ነው።»

«አይዞህ አበጋዝ፣ እግዜር ይማርህ» አለና ውብሸት ወጣ። አበጋዝ አያት። እንደዚያ ሲያያት በኖሩበት ዘመን አታስታውስም። ቅዳሜ ለመናት፤ እሑድ በእጁ ብቻ ለመናት፣ ድምፁ ሄዶ ነበር። እሷም «ነገ፣ ነገ፣ አንተ ብቻ ዳንልኝ» ትለዋለች።

ሰኞ መኪናው መጣ። ነጭ ነው፣ ድምፅ የለውም፤ ጎኑ ላይ የሚስቅ ልጅ ሥዕል አለበት። ሰፈሩ እንደ ልማዱ ወጥቶ አጨበጨበ፤ የሚሄድ ልጅ ይጨበጨብለታል፣ ሞራል ነው ይባላል። ዘምዘም አንዲት ትንሽ ፌስታል ይዛ ወጣች። ትርንጎ ፊት ስትደርስ ቆም አለችና «ጋሽ አበጋዝ መድኃኒታቸውን አራት ሰዓት ላይ ነው የሚወስዱት፣ እርስዎ ይረሳሉ» አለቻት። ከዚያ ገባች። ትርንጎ አፏን ከፈተች። ከፈተችና ዘጋችው፤ እጇ ከሰው ጋር ያጨበጭብ ነበር።

አበጋዝ የመኪናውን ነገር ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ረቡዕ ጠዋት እንደዞረ ሞተ።

ቀብሩ ያማረ ነበር፤ የሚባለውን ለማለት ያህል ሳይሆን በእውነት ያማረ ነበር። ድንኳኑ ከበረዶ ነጣ። ከአራት ሰፈር ሰው መጣ፣ የድሮ ሾፌሮች ጥሩምባቸውን እየነፉ ሸኙት። ውብሸት በድምፅ ማጉያው ስለ ሟቹ ጥቂት፣ ስለ ትርንጎ ብዙ ተናገረ። የጎረቤቷን ልጅ ሳታዳላ ያጋለጠች እናት አላት። ትርንጎ አለቀሰች፤ ሰውም ለባሏ መሰለው።

በሦስተኛው ቀን መዲና መጣች። እስከዚያ ቀን ሴቶቹ መሃል እየተቀመጠች፣ ንፍሮ እያደለች፣ እንደ ማንም ነበረች። ያን ዕለት ግን አጠገቧ ቁጭ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እትዬ፣ እንግዲህ ጋሽ አበጋዝ አፈር ለብሰዋል። የምነግርዎ አለኝ፤ አይደንግጡብኝ። ዘምዘም ከቀብራቸው በፊት ትንፍሽ እንዳልል አስምላኝ ነው የሄደችው። ያለ ድንኳን እንዳይቀበሩ ብላ።» ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ ካፖርቱ፣ ስለ መለኮሱ፣ ስለ ሳሉ። ስትነግራት እጇን ይዛ እያሻሸች ነበር። «እርስዎ በምን ያውቃሉ? አልተቀየምኩም፤ ወላሂ አልተቀየምኩም። ብቻ አሁን ይነሡና ለጋሽ ውብሸት አብረን እንንገረው። የእርስዎን ቃል ያምናል። ልጄን ይመልሱልኝ።»

ትርንጎ ቀና ብላ ማየት አቃታት። መዲና እጇን ማሻሸት አቆመች።

«ያውቁ ነበር እንዴ?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የሳምኳት ዕለት። ማታውኑ ነገረኝ።»

«መኪናው እኮ የመጣው ሰኞ ነው።»

«አዎ።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«ተናገሪ አለኝ። ለመነኝ።»

መዲና አላለቀሰችም። የትርንጎን የእጅ አንጓ ጨብጣ አስነሣቻትና በድንኳኑ መሃል ወደ ውብሸት ወሰደቻት። ትርንጎም ተናገረች፤ ምንም ሳታስቀር፣ የራሷንም ዝምታ ጭምር። ውብሸት የንፍሮውን ሳህን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። አልደነገጠም፤ አለመደንገጡ ነው ያስፈራት።

«ተዪው ትርንጎ» አለ። «የሳሚ አፍንጫ አንዴ ተሳሳተ ከተባለ እስከ ዛሬ ያጋለጥሻቸው ሁሉ እንደገና ይታያሉ። ተቆጣጣሪ ይሰፍርብናል። ባልሽን ከቀበርንበት መሬት እንድናወጣው ትፈልጊያለሽ? ልጅቷ ሁለት ዓመት ነው፤ ትመለሳለች። አንቺም አርባው ሲወጣ ወደ በርሽ ትመለሻለሽ።»

«የተሳሳትኩት በእሷ ብቻ ነው! ሌሎቹን በትክክል ነው ያሸተትኳቸው!»

ውብሸት መዲናን አየት አደረጋት፣ መዲናም እሱን፤ ከዚያ ሁለቱም ዓይናቸውን ሰበሩ። ትርንጎ ይህን አየች።

ከድንኳኑ ውጭ መዲና እጇን ለቀቀቻት።

«አንቺ» አለቻት። ዘመኑን ሁሉ ያልተለየው እትዬም እርስዎም ቀረ። «ሌሎቹስ አልሽ? በዚህ ሰፈር ከእናንተ ቤት በቀር ጢስ የሚወጣበት ቤት ኖሮ ያውቃል? ነጠላሽ ይሸታል። ጸጉርሽ ይሸታል። ልጆቹ ልትስሚያቸው ስትጠጊ ትንፋሻቸውን ይዘው ነው የሚቆሙት። ጋሽ አበጋዝ አብዝተው ያጨሱ ዕለት አንድ ልጅ ይያዛል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ውብሸትም ያውቀዋል። ልጅ መገኘት አለበት፣ ይገኛል፣ በቃ።»

ትርንጎ የድንኳኑን ገመድ ያዘች። «ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ሰው ሸተትሽ ይባላል? ይሉኝታ ያዘን እኮ!» የመዲና ድምፅ ተሰበረ። «እኔም አብሬ ዝም አልኩ። ያኔ የሚሄደው የሌላ ሰው ልጅ ነበራ።»

ሻርፗን ጠምጥማ ወደ ጓሮ ሄደች። ትርንጎ ብቻዋን ቀረች። ከውስጥ የሴቶቹ ወሬ ይሰማል፣ አንዱ ሻይ ጨምሩልኝ ይላል። የነጠላዋን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ አፍንጫዋ ላይ አደረገች፣ ዓይኗን ጨፍና ባለ በሌለ ኃይሏ ሳበች። ምንም አልሸተታትም።